«ስሮጥ ሳይሆን ከቆምኩ በኋላ ነው»

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አስፈልታችሁ ብትቀመጡ ይሻላል፤ ቡናዋ ራሷም ታሪኩ ውስጥ ትገባለች።

ባለፈው ወር በውስጥ መስመር አንድ መልእክት ደረሰኝ። የጻፈችልኝ በ1991 ዓ.ም. ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን አሜሪካ፣ ዴንቨር ትኖራለች። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች። እንዲህ ይላል፦

«ቲቸር፣ እንደምን ከረሙ? ምናልባት አያስታውሱኝም። 10ኛ ቢ ነበርኩ፤ ሰውነት ማጎልመሻ ሲሆን ዛፍ ሥር የምቀመጠዋ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንደኔው አስም አለበት። ባለፈው ሐኪም ቤት ይዤው ሄጄ ሐኪሙን ምን አለው መሰልዎት? ‹ስሮጥ ደህና ነኝ፤ ከቆምኩ በኋላ ነው የሚያፍነኝ› አለው። ሐኪሙም ‹ልክ ነህ፣ እንደሱ ነው የሚሆነው› ብሎ መለሰለት። እኔም ያኔ ለእርስዎ ይህንኑ ነበር ያልኩዎት። ምን እንደመለሱልኝ ያስታውሳሉ?»

አስታውሳለሁ። እንዴት አላስታውስ! የሳንባን ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ ጨርሼ «ጥያቄ ያለው?» ስል እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ስሮጥ ምንም አልሆንም። ሮጬ ከቆምኩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው ደረቴ ሲር ሲር የሚለው። ለምንድን ነው?» አለችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ለወጣት መምህር ሞት ነው። «ሲሮጥ ያላመመው ሰው ቆሞ አያመውም፤ ፈርተሽ ነው» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። በሳምንቱ የክፍል ኃላፊዋ ስለነበርኩ ከሰውነት ማጎልመሻ ነፃ የሚያደርጋትን ወረቀት ፈረምኩላት። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀመጠች።

መልእክቷ ከደረሰኝ ጀምሮ መጽሐፍ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ጡረተኛ ጊዜ አያጣም። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ፤ የ10ኛ ክፍል ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ ሐኪሞችን ከ1,800 ዓመት በላይ ሲያመልጣቸው የኖረ ጥያቄ ነው። መልሱም የተገኘው ማንም ትኩር ብሎ ባላየው ቦታ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች።

እስቲ ከጥንቱ ልጀምር። አሬቴዎስ የሚባል የቀጰዶቅያ ሰው፣ በሮማውያን ዘመን በግሪክኛ የጻፈ ሐኪም ነው። ዘመኑ 1ኛው ወይም 2ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ከሩጫ፣ ከስፖርት ወይም ከሌላ የጉልበት ሥራ የተነሳ ትንፋሽ ሲያስቸግር ያ በሽታ አስም ይባላል ብሎ ጻፈ። እንግዲህ አስምና ሩጫ ከመጀመሪያው አንስቶ አብረው ነው የተጻፉት። ትንፋሹ የሚያስቸግረው መቼ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። የሮጠ ሰው ትንፋሹ ቢያጥር ምን ይገርማል? ማንም ሰው ሲሮጥ ያለከልካል። ጥያቄው የተሰወረው እዚህ ላይ ነው።

የሳንባ ደም ታሪክ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። ጋሌን የተባለው የጥንቱ ታላቅ ሐኪም፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ በሚገኙ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ አስተማረ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይኸው ሲደገም ኖረ። ከዚያ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆ ተወልዶ ካይሮ የሠራው ኢብን አል-ነፊስ ተነሳ። የኢብን ሲናን የአካል ትምህርት ሲያብራራ፣ ያ ግድግዳ ቀዳዳ የለውም፤ ደሙ ከቀኝ ልብ ወጥቶ ወደ ሳንባ ሄዶ፣ እዚያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው ወደ ግራ የሚመለሰው ብሎ ጻፈ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1242 እንደሆነ ይነገራል። ጽሑፉ የበርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ በ1924 ጀርመን አገር ይማር የነበረ አል-ጣጣዊ የሚባል ግብፃዊ ሐኪም አገኘው። ወደ 680 ዓመት መሆኑ ነው። (ለመምህራን ጓደኞቼ፦ እኛ በክፍል ስናስተምር ይህን ሰው ዘለነዋል። ከጋሌን በቀጥታ ወደ ሃርቬይ ነበር የምንሻገረው።)

አውሮፓ ውስጥ ሚካኤል ሰርቬተስ ያንኑ ሐሳብ በ1553 አሳተመ። በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ በእሳት ተቃጠለ፤ የተቃጠለው ግን በሃይማኖት ክርክር እንጂ በሳንባ ምክንያት አይደለም። ሃርቬይ በ1628 የደምን ዑደት በሙሉ አስረዳ። ማልፒጊ ደግሞ በ1661 በማይክሮስኮፕ የእንቁራሪት ሳንባ ሲመለከት፣ የደም ቅዳና የደም መልስ የሚገናኙባቸውን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች አየ። በዓይን የማይታየው ድልድይ በዚህ ተገኘ።

እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምስለውም ይህንኑ ነበር። ሰማያዊ ጠመኔ ወደ ሳንባ፣ ቀይ ጠመኔ ከሳንባ ወደ ልብ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ያ ሥዕል ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሳንባ ሁለት ዓይነት የደም መንገድ አለው። አንደኛው ያ ትልቁ ነው፤ ከቀኝ ልብ የሚወጣው ደም ሁሉ ኦክስጅን ሊወስድ ያልፍበታል። ሁለተኛው ትንሽ ነው። ከግራ ልብ፣ ከትልቁ የሰውነት የደም ቅዳ ተገንጥሎ የአየር ቧንቧዎቹን ግድግዳ ይመግባል። ድርሻው ልብ ከሚረጨው ደም ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆን ነው። ባለቤቱ የሚበላውን ምግብ ጭኖ የሚያልፍ የጭነት መኪናና ለሾፌሩ የተቋጠረች ስንቅ በሏቸው። እኔ የጭነት መኪናውን ስስል ስንቋን ረሳኋት። የልጅቷ መልስ የነበረው ስንቋ ውስጥ ነው።

ትልቁ መንገድ በስፖርት ጊዜ የሚያደርገው ነገር ራሱ ተአምር ነው። ቁጭ ባልንበት ልባችን በደቂቃ አምስት ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። የሠለጠነ ሯጭ ሲሮጥ ይህ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ያ ሁሉ ደም ሳንባ ውስጥ ማለፍ አለበት። ክንዳችን ላይ የሚለካው ግፊት 120 በ80 ሲሆን የሳንባው 25 በ10 ገደማ ብቻ ነው፤ ለስላሳ መንገድ ነው። ታዲያ አራት እጥፍ ደም ሲመጣበት እንዴት አይፈነዳም? ተዘግተው የነበሩ ጥቃቅን ሥሮች ይከፈታሉ፤ የተከፈቱት ደግሞ ይሰፋሉ። ለጥምቀት ዋዜማ መኪና የማያልፍባቸው የሰፈር መንገዶች ሁሉ በሰው እንደሚሞሉት ማለት ነው። አስሙ በደንብ የተያዘለት ሰው ላይም ይህ መንገድ ሥራውን ይሠራል። ጥፋቱ ያለው እዚህ አይደለም።

ግን አንድ ነገር አለ። በ1946 ስቶክሆልም ውስጥ ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ድመቶችን ኦክስጅኑ ያነሰ አየር አስተነፈሷቸው። በሌላው የሰውነት ክፍል ኦክስጅን ሲያንስ የደም ሥር ይሰፋል። ሳንባ ላይ ግን ተቃራኒው ሆነ፤ ጠበበ። ምክንያቱን ስታስቡት ብልህነት ነው። አየር ወደማይደርስበት የሳንባ ክፍል ደም መላክ ብክነት ነው፤ ስለዚህ ሳንባ ያንን መንገድ ዘግቶ ደሙን አየር ወዳለበት ይልከዋል። የአስም ሰው ሲያፍነው አንዱ ቧንቧ ተዘግቶ ሌላው ክፍት ይሆናል፤ ያኔ ሳንባው ደሙን ከተዘጋው ወደ ክፍቱ እያዞረ ጉዳቱን ይቀንሳል። የሚያስፋው መድኃኒት ፓፍ ሲደረግ የተዘጋው ቧንቧ ሳይከፈት የደም ሥሩ ቀድሞ ሊከፈት ይችላል። የአንዳንድ ታማሚ ኦክስጅን ለጥቂት ጊዜ ትንሽ ዝቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሞች ይህን ያውቁታል፤ ስለዚህ በከባድ ሕመም ጊዜ ኦክስጅንም አብረው ይሰጣሉ። ፓፉ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ።

ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ሳንባ ይህን ጠባይ ሁልጊዜ በትንሹ ይለማመደዋል። በ2011 ሲንቲያ ቢል ያለችበት የተመራማሪዎች ቡድን፣ 3,700 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን መርምሮ ያሳተመው አለ። የሳንባቸው የደም ግፊት ከቆለኞቹ ከፍ ይላል፤ የደም ሥሩ ግን አልጠበበም፤ ከፍ ያለው ብዙ ደም ስለሚያልፍበት ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ኮራሁ፤ አልዋሽም።

ወደ ስንቋ ልመለስ፤ እዚያ ለመድረስ ግን ራሳቸው አስም የነበረባቸውን ሐኪሞች ማመስገን ያስፈልጋል። ከእነሱ በፊት ሙሴ ማይሞኒደስ ነበር። ካይሮ አጠገብ ተቀምጦ አስም ላስቸገረው አንድ መስፍን በዓረብኛ መጽሐፍ ጻፈለት፤ የከተማው አየር እንደሚጎዳ ነገረው፤ ልከኛ እንቅስቃሴንም አልከለከለም። በ1698 እንግሊዛዊው ጆን ፍሎየር ስለ አስም ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በሽታው የራሱ ነበር፤ ከባድ እንቅስቃሴ ሁሉ የአስም ሰውን ትንፋሽ እንደሚያሳጥር ከራሱ ደረት አውቆ ጻፈ። በ1860 ደግሞ ሄንሪ ሃይድ ሳልተር መጣ፤ እሱም አስመኛ። ቀዝቃዛ አየር በቧንቧው በፍጥነት ሲያልፍ ሕመሙን እንደሚቀሰቅስ ጠረጠረ። ለመድኃኒትም ምን አዘዘ? ጠንካራ ጥቁር ቡና፣ በባዶ ሆድ። የኛው ቡና! ውስጡ ያለው ካፌይን፣ ኋላ የአስም መድኃኒት የሆነው የቲኦፊሊን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የአየር ቧንቧን በመጠኑ ይከፍታል። አያቴ ለሚያፍነው ሰው ሁሉ «አቦሉን ስጡት» ትል ነበር። ሳልተርን ሳታነብ መሆኑ ነው። (ያም ሆኖ ቡና የፓፍ ምትክ አይሆንም፤ አደራ።)

ፍሎየርና ሳልተር ከሌላው ሐኪም በምን ይለያሉ ብትሉኝ፣ በሽተኛውን ለመስማት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። እኔ ግን በሽተኛዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አልሰማኋትም።

«መቼ ነው የሚያፍነው?» የሚለው ጥያቄ በሰዓትና በመሣሪያ የተለካው ዘግይቶ ነው። በ1962 እንግሊዝ ውስጥ ጆንስና ባልደረቦቹ አስም ያለባቸውን ልጆች እያስሮጡ ትንፋሻቸውን ለኩ። አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ሲሮጡ ቧንቧቸው እንዲያውም ይከፈታል። ረዘም አድርገው ከሮጡ ግን መጥበብ ይመጣል፤ የሚበረታውም ሩጫው ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ እንደሚገኘው፣ ሕመሙ ጫፍ የሚደርሰው ከቆሙ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። «ከአምስት ደቂቃ በኋላ» ነበር ያለችኝ። ሰዓት አልነበራትም፤ ቢሆንም ልክ ነበረች። እኔ ይህን ስነግራት ጥናቱ ከታተመ 37 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ለምን ከቆሙ በኋላ? እዚህ ላይ ነው የደም ሥሮቹ የሚመጡት። ቁጭ ስንል በደቂቃ ስድስት ሊትር ያህል አየር ነው የምንተነፍሰው፤ አፍንጫችን አሙቆና አርጥቦ ያስገባዋል። ስንሮጥ ግን በአፋችን እንተነፍሳለን፤ አየሩም ከ100 ሊትር ሊያልፍ ይችላል። ያን ሁሉ አየር የማሞቅና የማርጠብ ሥራ ወደ ውስጥ ይወርድና በቧንቧዎቹ ግድግዳ ላይ ይወድቃል። ሙቀቱን የሚያቀርበው ማነው? ያቺ ከመቶ አንድ የሆነችው ደም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በርካታ ቡድኖች አሳዩት፤ ቀዝቃዛ ደረቅ አየር እየተነፈሱ ሲሮጡ ሕመሙ ይብሳል፤ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲሆን ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ዋና አስም ካለበት ሯጭ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ውሃው ላይ ያለው አየር እርጥብ ነው።

ከእነዚህ ተመራማሪዎች አንዱ አሜሪካዊው ማክፋደን ነበር። መጀመሪያ ቦስተን ኋላም ክሊቭላንድ የሠራ ሰው ነው። እሱና ባልደረቦቹ ሙቀት የሚለካ ቀጭን ሽቦ ሰው አየር ቧንቧ ውስጥ አስገብተው፣ ሰውየው በኃይል ሲተነፍስና ሲያቆም የግድግዳውን ሙቀት ተከታተሉ። (ፈቃደኞቹን አደንቃለሁ። እኔ ጥርሴን ሊነቅሉኝ ሲመጡ እንኳ የምሸሽ ሰው ነኝ።) ሲሮጥ ቧንቧው ይቀዘቅዛል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሲቆም ተመልሶ ይሞቃል። ልዩነቱ የታየው እዚህ ላይ ነው፤ የአስም ሰዎቹ ቧንቧ ከጤነኞቹ በጣም ፈጥኖ ይሞቃል። ፈጥኖ ሞቀ ማለት ደም ተግተልትሎ ገባበት ማለት ነው። በ1986 ባሳተሙት ሥራ ሰዎቹ ካቆሙ በኋላ የሚተነፍሱትን አየር ሲለዋውጡት፣ ማገገሚያው ላይ ቀዝቃዛ አየር የተሰጣቸው ያነሰ ጠበባቸው። ቀስ ብለው ሲሞቁ ጉዳቱ ቀነሰ።

በ1990 ማክፋደን ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ በድፍረት ጻፈ፤ በስፖርት የሚመጣ አስም የደም ሥር ጉዳይ ነው አለ። ሐሳቡን እንዲህ ልግለጸው። ደብረ ብርሃን ጠዋት በበረዶ ውሃ ልብስ ያጠበች ሴት እጇን ወደ ምድጃ ስታስጠጋ ምን ይሆናል? ውሃው ውስጥ እያለ እጇ ነጭቶ ደንዝዞ ነበር። እሳቱ ጋ ሲደርስ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይለበልባል። የሚያማት ከውሃው ከወጣች በኋላ ነው። የአየር ቧንቧውም በሩጫ ጊዜ የደም ሥሮቹ ጥብቅ ይላሉ፤ ሲቆም ይከፈታሉ፣ ደም ይሞላባቸዋል፣ ውሃቸውም ወደ ግድግዳው ይንጠባጠባል። ግድግዳው ሲያብጥ ወደ ውጭ የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው ወደ ውስጥ፣ ወደ አየሩ መንገድ ያብጣል። ቀጭን ቧንቧ ውፍረቱ በግማሽ ቢጠብ አየር ለማሳለፍ የሚያስቸግረው በሁለት እጥፍ አይደለም፤ በ16 እጥፍ ነው። ትንሽ እብጠት ትልቅ ጭንቅ የምትሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ልጅቷ የነገረችኝ ይህ ነው። አልፈራችም ነበር። ቧንቧዋ እየሞቀ ነበር።

ሳይንስ ግን እዚህ አልቆመም፤ ባይ ተቃዋሚ ሳይነሳ የሚያልፍ ሐሳብም የለም። ሲድኒ ትሠራ የነበረችው አውስትራሊያዊቷ ሳንድራ አንደርሰን ተከራከረች። አንዳንድ ሰው ሞቃት ግን ደረቅ አየር እየተነፈሰ ሲሮጥም ያፍነዋል፤ ቧንቧው ሳይቀዘቅዝ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ብርዱ ሳይሆን ድርቀቱ ነው አለች። የግድግዳው እርጥበት ሲተን የቀረው ፈሳሽ ጨው ይበዛበታል፤ ያኔ እዚያ ያሉ ሴሎች ሂስታሚንና መሰል ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ ወደ እሷ ያደላል። እኔም ሞቃቱ ደረቅ አየር ማስረጃው ጠንካራ ነው እላለሁ። ግን ኬሚካሎቹ ራሳቸው የደም ሥርን የሚያሰፉና የሚያንጠባጥቡ ናቸው፤ አንደርሰንም የቧንቧውን ጥቃቅን የደም ሥሮች ከሒሳቡ አላወጣቻቸውም። ክርክሩ የደም ሥሮቹ መሪ ናቸው ወይስ ተከታይ በሚለው ላይ ነው እንጂ፣ አሉ ወይስ የሉም በሚለው ላይ አይደለም።

በ1998 ደግሞ ማያሚ ውስጥ የአዳም ዋነር ቡድን፣ ሰው የሚተነፍሰው ጋዝ በቧንቧው ደም እንዴት እንደሚወሰድ እየለካ አሳየ፤ የአስም ሰዎች የአየር ቧንቧ ቁጭ ባሉበትም ከጤነኛው የበዛ ደም ይፈስበታል። ከቧንቧው ተቆርጠው በማይክሮስኮፕ የታዩ ናሙናዎችም ሥሮቹ በቁጥር መብዛታቸውን አሳይተዋል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የሚሳበው የስቴሮይድ ፓፍ ይህን ትርፍ ደም ይቀንሳል። «ሳያመኝ ለምን በየቀኑ እስበዋለሁ?» ለምትሉ፣ መልሱ በከፊል ይህ ነው።

እንግዲህ ዛፍ ሥር ያልተቀመጡትንም ላንሳ። በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ ሪክ ዴሞንት የሚባል የ16 ዓመት አሜሪካዊ ዋናተኛ የ400 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ወርቅ አሸነፈ። ከልጅነቱ አስም ነበረበት፤ የሚወስደው ክኒን ኤፌድሪንና ቲኦፊሊን የያዘ ነበር። አንዱ የቡና ዘመድ፤ ሌላው ቧንቧን የሚከፍት፣ የደም ሥርንም የሚያጠብ። መድኃኒቱን ቅጹ ላይ ሞልቶ ነበር፤ ግን ኤፌድሪን የተከለከለ ነበርና ወርቁን ነጠቁት። በዓመቱ ቤልግሬድ ላይ ያንኑ ርቀት ከአራት ደቂቃ በታች የዋኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ልጁ መድኃኒቱን በትክክል እንዳስታወቀ ያመነው በ2001 ነው። ወርቁ ግን አልተመለሰለትም።

የኛው ኃይሌ ገብረሥላሴም አስም እንዳለበት በይፋ የተናገረ ሰው ነው። በ2007 ለንደን ማራቶን ላይ መተንፈስ አቅቶት አቋረጠ። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2:04:26 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2008 የቤይጂንግ አየር አስፈርቶት የኦሊምፒኩን ማራቶን ትቶ 10,000 ሜትር ሮጠ፤ ስድስተኛ ወጣ። ያኔ «ፈራ» ብለው የተቹት ነበሩ። ከወር በኋላ እንደገና በርሊን፣ 2:03:59። እኔ ያኔ ቤት ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን እያየሁ እጮህ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ስለፈረምኩት ወረቀት ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ግን አስም ያለበት ልጅ ላላችሁ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው ምክር ልጁን አስቀምጡት የሚል አይደለም። በደንብ ካሟሟቀ ለተወሰነ ጊዜ ከሕመሙ የሚጠበቅ ሰው ብዙ ነው። በድንገት አለመቆም፣ ቀስ እያሉ ማብረድ ይረዳል። ጠዋት ብርድ ሲሆን አፍና አፍንጫን በሻርፕ መሸፈን የሚወጣውን ትንፋሽ ሙቀትና እርጥበት ያስቀርለታል። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ታዳጊዎችና አዋቂዎች ሰማያዊውን ፓፍ ብቻ ይዘው እንዳይኖሩ ይመክራል፤ እብጠቱን የሚያክመው ስቴሮይድ አብሮ መኖር አለበት። እናቶቻችን «ላብህ ሳይደርቅ ብርድ ላይ አትቁም» የሚሉት ነገር ምክንያቱ ባይገጥምም፣ አደጋው ከሩጫው ይልቅ ከመቆሙ በኋላ መሆኑን ግን ከብዙ ሐኪም ቀድመው አይተዋል።

ለልጅቷ ምን መለስኩላት? መጀመሪያ ረጅም ማብራሪያ ጻፍኩ፤ ማክፋደን፣ አንደርሰን፣ ሁሉም ነበሩበት። አጠፋሁት። «ልክ ነበርሽ፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት። በክፍል ፊት ስላሳፈርኩሽ ይቅር በይኝ» ብዬ ላክሁ። ሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ ቪዲዮ ላከችልኝ፤ ልጇ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይሮጣል፣ አፉን በሻርፕ ጠቅልሎ። ሲጨርስ አልቆመም፤ እየተራመደ ሜዳውን ዞረ። ከካሜራው ጀርባ የእሷ ድምፅ በአማርኛ «አትቁም፣ አትቁም፣ ቀስ በል» ይለዋል። ከሥር «ቲቸር፣ እኔም ማክሰኞ ማክሰኞ እሮጣለሁ» ብላ ጽፋለች።

በእኔ ፊርማ ከሜዳ የወጣችሁ ሌሎችም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከ1988 እስከ 2004 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ቢያንስ ሦስት ልጆች ትዝ ይሉኛል፤ ስማችሁን ረስቼዋለሁ፣ ፊታችሁን አልረሳሁም። ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።